ለቀብር ያጠራቀምነው ለሌሊት ሕመም አይደርስም

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ደብር ዙሪያ አብራችሁኝ ያረጃችሁ ሁሉ፤

ይህን የምጽፈው ለልጆቻችን አይደለም፤ ለእኛው ነው። ስድሳን ያለፍን፣ ወር በገባ በ16 ከደጇ የማንጠፋ፣ ዳገቱን በምርኩዝ የምንወጣ ሰዎች አንድ ከባድ ጉድለት አለብን። ሌላ ሰው ከመሸኘታችን በፊት ልናገረው ግድ ሆኖብኛል።

ለሞት ተዘጋጅተናል። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ ጥሩንባ ነፊ አለው። አስከሬን ከሆስፒታል የሚወጣበት፣ ሣጥን የሚገዛበት፣ ለሐዘንተኛ ንፍሮ የሚቀቀልበት ደንብ ተጽፎ በጸሐፊው እጅ ይገኛል። ከመካከላችን አንዱን ሌሊት ደረቱን ቢይዘው ግን መኪና ማን እንደሚጠራ፣ ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወሰድ፣ ገንዘብ ይዞ ማን እንደሚከተል የሚናገር አንድ መስመር የለም። የእድሩ የገንዘብ ሣጥን የሚከፈተው ሰውዬው ካረፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለው በሽተኛ የሚሄድበትን በር የሚመርጥለት የጎረቤት ድንጋጤ ሆኗል። የድንገተኛ ሕክምና ሒሳብ ደግሞ ከበሽታው ይልቅ በተገባበት በር ይወሰናል። ጤፍ ስንገዛ ሦስት መጋዘን ጠይቀን የምንገዛ ሰዎች ለነፍሳችን አንድ ቦታ እንኳ አስቀድመን ጠይቀን አናውቅም።

እስቲ መንገዱን አብረን እንውረደው። ከደብሩ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን እናገኛለን። እኛ የምናውቀው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚተኙበት ሆኖ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ዓይነት ሕክምና የሚሰጥ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፣ ተጠሪነቱም ለጤና ሚኒስቴር ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ስንዘልቅ የካቲት 12 አለ፤ በየካ በኩል ለምትኖሩት ምኒልክ ይቀርባችኋል፤ ሁለቱ የከተማው አስተዳደር ናቸው። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና ተብሎ የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል በጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር ነው። ሁሉንም «የመንግሥት» እያልን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ የበላይ አካላቸው ግን አንድ አይደለም፣ የዋጋ ዝርዝራቸውም አንድ አይደለም። በመካከላቸውና በዙሪያቸው ደግሞ የግሎቹ አሉ፤ በሌሊት መብራታቸው የሚደምቀው የእነሱ ነው።

በመንግሥት ሆስፒታል የምንከፍለው የሕክምናውን ሙሉ ዋጋ አይደለም። የሐኪሙ ደመወዝ፣ የሕንፃው ግንባታ፣ አብዛኛው መሣሪያ በበጀት የተሸፈነ ነው። እኛ የምንከፍለው ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለራጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለአልጋ የተቆረጠውን ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ብዙ ነገር ለውጧል፤ ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ከመላክ ይልቅ ለራሳቸው መድኃኒትና ዕቃ ማሟያ እንዲያደርጉት ፈቀደ፣ በቦርድ እንዲመሩ አደረገ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ የግል ክንፍ እንዲከፍቱም በር ከፈተ። በዚህ ምክንያት አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሐኪም እጅ ላይ፣ ሁለት ዋጋ ሊኖር ይችላል። ጠዋት በመደበኛው ተራ ያየህ ስፔሻሊስት ከሰዓት በኋላ በግል ክንፍ ሲያይህ ክፍያው ሌላ ነው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ነውሩ ሳይነገራችሁ መግባታችሁ ነው። ስለዚህ «የምንታከመው በመደበኛው ነው ወይስ በግል ክንፍ?» ብሎ መጠየቅ ልመና እንዳይመስላችሁ።

የግል ሆስፒታል ከዚህ የተለየ ነው። የቤት ኪራይ አለበት፣ የነርስና የሐኪም ደመወዝ ከራሱ ያወጣል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በነዳጅ ያስነሣል፣ ሲቲ ስካኑን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ብድሩን እየከፈለ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ራሱ ነው። ለዚህም ነው አንዱ የግል ሆስፒታል ለራስ ቅል ሲቲ የሚጠይቀው ከሌላው ጋር የማይገጥመው፤ የአንዱ ማሽን አዲስ ነው፣ የሌላው አሮጌ፤ አንዱ ብዙ ታካሚ አለው፣ ሌላው ጥቂት፤ አንዱ የራዲዮሎጂ ሐኪሙን በደመወዝ ቀጥሯል፣ ሌላው በየምርመራው ይከፍለዋል። ሌሊት ሲሆን፣ እሑድ ሲሆን፣ በዓል ሲሆን የሚጨምርም አለ። ሰበቡ ሁሉ ስግብግብነት ብቻ ነው አልልም፤ ስግብግብነት የለም ብዬም አልዋሽም።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጃችን ታሞ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ታውቁታላችሁ። ራት ላይ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ምግቡን ገፋ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላብ አጠመቀው፣ ትንፋሽ አጠረው። ሚስቱ ጎረቤት ቀሰቀሱ፣ ጎረቤት ታክሲ ደውሎ አስመጣ። ሹፌሩ «ወዴት ልውሰዳችሁ?» ሲል የሚመልስለት አጣ። ቁልቁል ወረደና መብራት ያየበት በር ላይ አቆመ። የግል ሆስፒታል ነበር። ነርሷም ሐኪሙም ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ ወዳጃችን ዛሬ የሚተነፍሰው በእነሱ እጅ ነው፣ ይህን መካድ አይገባም። ደረሰኞቹን ግን ቤተሰቡ አምጥቶ አሳየኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየኋቸው። የካርድ። የድንገተኛ ሐኪም፣ የሌሊት ጭማሪ ያለበት። ኦክስጅን በሰዓት ተቆጥሮ። ኢሲጂ ሁለት ጊዜ። የደም ምርመራ አንድ ተብሎ ሳይሆን በየስሙ ተዘርዝሮ፤ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጨው፣ የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳየው ትሮፖኒን። ካኑላ። ሲሪንጅ በቁጥር። ጓንት በጥንድ። የማቆያ አልጋ። ከሁሉ የከበደው ግን ገና ያልተሰጠ አገልግሎት ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመግባት የተጠየቀው ማስያዣ።

ማስያዣው ሲነገር ቤተሰቡ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይዛወርልን አለ። አምቡላንስ ተከራየ፤ ያም ለብቻው ሒሳብ ነው። እዚያ ሲደርስ አዲስ ካርድ ወጣ፣ ኢሲጂው እንደገና ተነሣ፣ ደሙም እንደገና ተቀዳ፤ የመጀመሪያው ውጤት ከደረሰኞቹ ጋር ታጥፎ በአንዲት ዘመድ ቦርሳ ውስጥ እቤት ቀርቶ ነበርና። ሐኪሙ ያላየውን ወረቀት አምኖ መድኃኒት ሊያዝ አይችልም። አንድ ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ልብ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ወጪው ግማሽ ያህል ይቀር የነበረው ሰፈሩ ውስጥ «መጀመሪያ ወደዚህ ሂዱ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ወይም ያቺ ወረቀት አብራው ብትሄድ ነበር።

በዚያ ሌሊት ልጁ ዋሽንግተን ላለችው እኅቱ ደወለ። ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን፤ ስልኩ ሲያቃጭል እዚያ ያለችው ልጅ ምን እንደሚሰማት አስባችሁ ታውቃላችሁ? በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው ገንዘብ አለህ ወይ ሳይሉ መርምረው እንዲያረጋጉት ሆስፒታሎችን ያስገድዳል። ሒሳቡ ግን በፖስታ ይከተላል፤ መድን የሌለውን ቤተሰብ ለዓመታት ያስጨንቃል። ልጆቻችን የራሳቸውን ሒሳብ እየፈሩ የእኛን ይከፍላሉ። የእኛ መዘናጋት ዋጋ እዚያ ድረስ ይሄዳል።

በእኛም አገር የጤናው ሕግ ለድንገተኛ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ርዳታ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠየቅ እንዲሰጠው ያዛል። ይህን ጥቂቶቻችን እናውቀዋለን፤ የምናውቀውም አጣመን ነው። ቅድሚያ አይጠየቅም ማለት በነጻ ነው ማለት አይደለም። ትንፋሹ እስኪመለስ፣ ደሙ እስኪቆም፣ ሰውዬው እስኪረጋጋ ድረስ «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ በር ላይ ማቆም አይቻልም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ በር ላይ ማስያዣ አምጡ ብሎ በሽተኛ የሚያቆም ካለ ሕጉን ጥቀሱ፣ አትሸማቀቁ። በሽተኛው ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ «ከዚህ በኋላ የሚደረገው ምን ምን ነው? ዋጋውስ ስንት ነው? መንግሥት ሆስፒታል ሊዛወር የሚችልበት ሁኔታ ላይ ነው ወይ?» ብላችሁ ያኔውኑ ጠይቁ። ዋጋ የሚቆለለው ሰው ዝም ባለባቸው ሰዓቶች ነው።

የመኪና አደጋን በተመለከተ የተለየ መብት አለን። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 በመኪና የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ለዚያ እስከ 2,000 ብር መድኑ እንዲሸፍን አድርጎ ነበር። መኪናው ቢያመልጥ፣ መድን ባይኖረውም እንኳ ለዚሁ የተቋቋመ ፈንድ አለ። የእንጦጦን ጠመዝማዛ መንገድና በጭጋግ የሚወርደውን መኪና የምታውቁ ሰዎች ታርጋ መያዝን፣ ትራፊክ ፖሊስ መጥራትን ለልጅ ልጆቻችሁ አስተምሩ፤ የፖሊስ ወረቀት የሌለው ተጎጂ በሆስፒታሉም በመድኑም በኩል ብዙ ይንገላታል።

አሁን ስለ መድኃኒት። «ከውጭ ግዙ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተናል። በሽተኛው የተኛው መንግሥት ሆስፒታል ነው፣ አልጋው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የታዘዘው የለም፤ አስታማሚ ወረቀት ይዞ በሌሊት ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ይሮጣል። የመንግሥት ሆስፒታል ሒሳብ ሳይታሰብ የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው። አገራችን አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ታስገባለች፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ያ ቀን በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። የድሮው ዕቃ በቀረበት ፋርማሲና አዲስ ባስገባው መካከል፣ የሕንዱ ምርትና የአውሮፓው ምርት መካከል፣ ለአንድ ዓይነት መድኃኒት የሚጠየቀው ብር በጣም ይለያያል። ሐኪሙ የጻፈው የመድኃኒቱን ስም እንጂ የፋብሪካውን እንዳልሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲን ወይም የቀይ መስቀልን ሞክሩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው ሱቅ ቅርብ ስለሆነ ብቻ የመጀመሪያው አይሁን።

አገሪቱ ለጤና ከምታወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣ ነው። ኪስ ስንል ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ የተሸጠች ላም ናት፣ የተያዘ ወርቅ ነው፣ ከልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የተነሣ ብር ነው።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ከዋጋው ሁሉ ውድ የሆነው መዘግየታችን ነውና።

እኛ የኖርንበት ዘመን ሕመምን ዋጥ ማድረግን አስተምሮናል። ደረት ሲጨንቅ «ብርድ መትቶኝ ነው»፤ እጅ ሲደነዝዝ «ተኝቼበት ነው»፤ አፍ ሲጣመም «ምች ነው»፤ ራስ ሲያዞር «ጾሙ ነው»። ልጆች ከእንቅልፍ አይነሡ፣ ሰው አይቸገር፣ ይነጋል። ሲነጋ ግን በሽታው ሌላ ሆኖ ይነጋል። አንጎል ውስጥ ደም ረግቶበት አንድ ጎኑ ለሰነፈ ሰው የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ በሁሉም ቦታ ባይኖርም፣ ሲቲ ተነሥቶ ደም የፈሰሰ ነው ወይስ የረጋ ብሎ መለየቱ ብቻውን የሕክምናውን መንገድ ይቀይራል። ያ ሰዓት ያመለጠው ሰው ከዚያ በኋላ የሚከፍለው ለወራት የሚተኛበትን አልጋ፣ አገላባጭ ሠራተኛ፣ ዳይፐር፣ በቱቦ የሚገባ ምግብ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በጾም ሰሞን መርፌውን ትቶ ራሱን ስቶ ሲገባ የሚከፍለው ከዓመት ኢንሱሊን ሊበልጥ ይችላል፤ የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ጾሙን እንደሚያቀል ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን እናፍራለን። በክረምቱ ከሰል አቀጣጥለው በራቸውን ዘግተው የተኙትንስ ስንቶቹን ቀበርን? ጠዋት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ቤተሰብ ሁሉ «ምግብ ነው» እያለ ሲያንገራግር የከሰል ጭሱ ስንቱን ወሰደ።

ወድቆ ዳሌው የተሰበረውንም እንዲሁ። ጠዋት ወደ ጠበሉ በሚወስደው ርጥብ መንገድ ላይ የወደቀች እኅታችን መጀመሪያ የምትወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለወለምታ ረድቶን ይሆናል፤ የተሰበረን የአሮጊት ዳሌ ግን በእንጨትና በጨርቅ አስሮ ሳምንት ማቆየት ቁስል፣ ሳንባ ምች፣ የደም መርጋት ያመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሆስፒታል ሲመጡ ዋጋው የአጥንት መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ሆኗል።

ስለ ጠበሉም ሳልናገር አልለፍ፤ እዚህ ደጅ ላይ ያደግሁ ነኝና ማንም ክፉ አይተርጉምብኝ። ኪዳነ ምሕረት ጠበል ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ሕሙማንን ስታሰባስብ ኖራለች። የኤች አይ ቪ ሕሙማን በየጎጆው ተጠግተው የሚጠመቁበትን ዘመን አይተናል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር «መድኃኒቱን ከወሰድን ጠበሉ አይሠራም» የሚሉ ነበሩ፤ ያን ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተማሩ፣ ብዙ ነፍስም ተረፈ። ዛሬ ለእናንተ የምለው ያንኑ ነው። ደረቱን የያዘው ሰው፣ አፉ የተጣመመበት ሰው፣ ራሱን የሳተ ሰው መጀመሪያ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጠበሉ ይደርስለታል።

ከዚያ ከኤች አይ ቪ ዘመን የምንማረው ሌላ ነገርም አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የክትባትና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ተቋም በነጻ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ መንግሥት ወስኖ፣ በጀትና ርዳታ መድቦላቸው ነው። ልብና ደም ግፊት፣ ስኳርና ስትሮክ እንዲህ ያለ ውሳኔ አላገኙም። የሽማግሌ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ የእኛ ሕመም በብዛት የሚከፈልበት ሕመም ነው፤ ይህን እያወቅን ባዶ እጃችንን መቀመጥ አይገባንም።

ለዚህ የተሠራው ድጋፍ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ሰፋ፤ አዲስ አበባ ዘግይታ ገባችበት። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ደብተር ይይዛል። መድኑ የሚሠራው ውል ባለው ተቋም ነው፤ በዚያ መብራቱ በደመቀው የግል በር ደብተሩን ብትዘረጉት አይረዳችሁም። በአዘቦት ቀን መነሻው ጤና ጣቢያ ነው፤ ለእኛ እንጦጦ ቁጥር 1ን የመሳሰሉት ናቸው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ከወጪው ከፊሉን ከኪሱ እንዲከፍል ሥርዓቱ ያዛል። ድንገተኛ ሲሆን ግን ሪፈር አይጠየቅም። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ነፍሱን ሊያድን በሚገባው ሰዓት ሪፈር ፍለጋ ይንከራተታል። ሌላው ነገር እድሳት ነው። ጊዜው ያለፈበት ደብተር ወረቀት ብቻ ነው፤ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ደብተር እንዳለ አውቃለሁ። መክፈል የማይችል ደግሞ ከወረዳው ተለይቶ በመንግሥት የሚከፈልለት አለ፤ ኩራት ይዞት ስሙን ያላስመዘገበ ካለ ኩራቱን ለልጆቹ ሲል ይተወው። ጡረተኞች ሆናችሁ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የምትጠባበቁ ሰዎችም፣ ያ አዋጅ ለስንት ዓመት ሥራ ላይ ሳይውል እንደቆየ አይታችኋል፤ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ዛሬ ያላችሁን አማራጭ ጠይቁ።

አንድ ነገር ፍርሃት ሊሆንባችሁ አይገባም። በመንግሥት ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ነርሷ የደም ግፊትና የልብ ምት ለክታ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ትላለች። ቀይ የተባለ ቀድሞ ይገባል፤ አረንጓዴ የተባለ ይጠብቃል። «ሰው አያይህም፣ ኮሪደር ላይ ትጣላለህ» እየተባለ የግል የሚኬደው ብዙ ጊዜ ይህን ካለማወቅ ነው። አልጋ መጥበቡ እውነት ነው፤ በጋሪና በወንበር ላይ የሚታከም ሰው አይቻለሁ፤ አያምርም። ነገር ግን ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በጥቁር አንበሳ ሐኪሞች በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስትነት እየሠለጠኑ ነው፤ ያ ኮሪደር ላይ የሚያገኛችሁ ሐኪም በዚህ ሥራ የተካነ ሊሆን ይችላል።

አምቡላንስንም አትርሱ። የቀይ መስቀል 907 ነው፤ የከተማው እሳትና አደጋ 939 ነው፤ በክፍያ የሚመጣው ጠብታ 8035 ነው። ከዳገታችን የሚወርደው ታክሲ ኦክስጅን የለውም፣ ወዴት እንደሚሄድም አያውቅም። አምቡላንስ ዘግይቶ ታክሲ ብትይዙ እንኳ ስልኩ ላይ ያለው ባለሙያ የትኛው ሆስፒታል ቦታ እንዳለው እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ ጠይቆ መሄድ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ከመንከራተት ያድናል።

ለእድራችን ጸሐፊ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ አሁን ለእናንተም አሳውቃለሁ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መርዳት ጀምረው ነበር፤ የእኛም ይህን ማድረግ ይችላል። የምጠይቀው ከወርሃዊ መዋጮው የተወሰነ እጅ ለድንገተኛ ሕመም በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ሌሊት ተቀስቅሰው ገንዘቡን ይዘው ከበሽተኛው ጋር የሚወርዱ ሁለት ሰዎች በየመንደሩ እንዲመረጡ፣ እነሱም የየሆስፒታሉን ዋጋና ውል አስቀድመው ጠይቀው ጽፈው እንዲይዙ ነው። «የቀብር ገንዘብ አይነካ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቅሬታችሁን እዚያው ተነሥታችሁ ተናገሩ፣ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁም። ወደ ስብሰባው ስትመጡ የጤና መድን ደብተራችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ፣ የመጨረሻውን የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ጊዜው ያለፈበትን ደብተር እዚያው እንለያለን፤ የወረዳውም ሰው እንዲገኝ ጠርቼዋለሁ።